ባለመለያ አልቡሚን፤ የኩላሊትና የሽንት ምርምር ስያሜዎች በአማርኛ

አንድ የሙያ ቃል ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ በሚመለስበት ጊዜ፣ ተርጓሚው ለቃሉ አቻ ከመፈለጉ አስቀድሞ ቃሉ የሚጠራው ነገር ምን እንደሚሠራ መረዳት ይኖርበታል። ይህ ሳይሆን የቀረ እንደሆነ የሚገኘው ስያሜ ለጆሮ ያማረ ቢሆንም እንኳ ለሙያው እንቅፋት ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው የቃላት ቡድን ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ይኸውም በኩላሊትና በሽንት ምርምር የሚያገለግለው፣ ጨረራዊ መለያ የተያያዘበት አልቡሚንና በዙሪያው ያሉት ስያሜዎች ናቸው። የኩላሊት ሕክምና በሀገራችን እየተስፋፋ በመሄዱና በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ በመጀመሩ፣ ጉዳዩ የመምህራን ብቻ ሳይሆን የታካሚዎችም ሆኗል።

1. የነገሩ ጠባይ

አልቡሚን በጉበት የሚሠራና በደም ፕላዝማ ውስጥ ከሌሎች ፕሮቲኖች ሁሉ በብዛት የሚገኝ ፕሮቲን ነው። በጤነኛ ሰው ፕላዝማ ውስጥ በሊትር ከ35 እስከ 50 ግራም ያህል ይገኛል። ውሃ ከደም ሥር ወጥቶ በሰውነት ውስጥ እንዳይጠራቀም ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው እርሱ በመሆኑ፣ በሽንት አማካይነት በብዛት በጠፋ ጊዜ ፊትና እግር ያብጣል። ስሙ «ነጭ» ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ሲሆን የእንቁላልን ነጭ ክፍል ለመጥራትም አገልግሏል። ይሁን እንጂ በእንቁላል ነጭ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፕሮቲንና የደሙ አልቡሚን የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ የቃሉን ሥር ተከትሎ ከእንቁላል ጋር የሚያዛምድ ስም ማውጣት አንባቢን ያሳስታል፤ «አልቡሚን» እንዳለ ቢወሰድ ይመረጣል።

ተመራማሪው የዚህን ፕሮቲን ጉዞ ለማወቅ ሲፈልግ፣ ጨረራ የሚያመነጭ አዮዲን ታይሮሲን ከተባለው የፕሮቲኑ ክፍል ጋር ያጣብቃል። ከዚያም ጥቂቱን በደም ሥር ሰጥቶ በደምና በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ጨረራ ይለካል። የዚህ ዘዴ አባት ጆርጅ ደ ሄቬሺ ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1923 ጨረራ አመንጪ እርሳስ በባቄላ ተክል ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ያሳየ ሲሆን፣ የ1943ቱን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚሁ ዘዴ ነው።

2. «ሌብል» እና «ትሬሰር»

ሁለቱ ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተጎራብተው ስለሚገኙ ብዙ ጊዜ ሁለቱም «ምልክት» ተብለው ይተረጎማሉ። ነገር ግን አንድ አይደሉም። «ሌብል» የተጣበቀው ነገር ማለትም አዮዲኑ ነው፤ «ትሬሰር» ግን አዮዲኑን የተሸከመው አልቡሚን በሙሉ ነው። የጎጃም ገበሬ በሬው ከመንጋ ቢቀላቀል ለይቶ እንዲያውቀው ጆሮውን ቢበጣው፣ ብጣቱ መለያ ነው፤ መንጋው የት እንደዋለ የሚያሳየው ግን በሬው ነው። መለያው ጥሩ የሚባለውም በሬው እንደ ሌሎቹ እንዳይግጥና እንዳይጓዝ ካላደረገው ነው። በአልቡሚንም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ አዮዲን ከመጠን በላይ የተጫነበት አልቡሚን ጠባዩ ተለውጦ ከመደበኛው ይልቅ ፈጥኖ ይፈርሳል፤ የሚሰጠው ምስክርነትም ይጓደላል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው «መለያ»፣ ለሁለተኛው «ዱካ ጠቋሚ» የሚሉት ቃላት ይስማማሉ። አንዳንዶች «ተከታታይ» ወይም «ፈለግ ተከታይ» ይላሉ። ይህ የባዕዱን ቃል ቅርጽ በመከተል የመጣ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ንጥረ ነገሩ ዱካውን ይተዋል እንጂ ማንንም አይከተልም። ተከታዩ ተመራማሪው ነው። በሙሉ ስሙ «ጨረራዊ መለያ ያለው አልቡሚን»፣ በአጭሩ ደግሞ «ባለመለያ አልቡሚን» ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ «ጨረር» እና «ጨረራ» የሚሉትን ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ነጠላውን የብርሃን ወይም የኃይል መሥመር ሲያመለክት፣ ሁለተኛው የመፍለቁንና የመሰራጨቱን ክሥተት ይጠራል። የኢትዮጵያ ጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ይባል በነበረው መሥሪያ ቤት ስም ውስጥ የገባውም ይኸው ሁለተኛው ነው።

3. መለያው ከባለቤቱ ሲለይ

የተርጓሚው ዋና ፈተና እዚህ ላይ ነው። አልቡሚኑ በሰውነት ውስጥ ሲፈርስ አዮዲኑ ይለቀቅና ከፊሉ በሽንት ይወጣል። እንግዲህ በሽንት ውስጥ ጨረራ ተለካ ማለት አልቡሚን ወጣ ማለት አይደለም። የተለካው ሙሉ አልቡሚን፣ የአልቡሚን ስባሪ ወይም ነጻ አዮዲን ሊሆን ይችላል፤ የጨረራ መቁጠሪያው ሦስቱን አይለይም። ከሜዳ ላይ የወደቁ ደወሎችን ቆጥሮ ይህን ያህል ከብት አለ እንደሚል ሰው መሆን ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሽንቱን በትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ያዘቅጡታል፤ ፕሮቲኑ ከነመለያው ሲዘቅጥ ነጻው አዮዲን በፈሳሹ ውስጥ ይቀራል።

ከዚህ የተነሣ በጥናቱ ውስጥ «በሽንት የወጣው ጨረራ» የተባለውን ተርጓሚው ለአገላለጥ ማማር ሲል «በሽንት የወጣው አልቡሚን» ብሎ ቢያሳጥረው፣ ያልተፈጸመ ነገር እንደተፈጸመ አድርጎ ይናገራል። ጤነኛ ሰው በቀን በሽንቱ የሚያስወጣው አልቡሚን ከ30 ሚሊግራም በታች ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ግድፈት ጤነኛውን በሽተኛ ሊያስመስለው ይችላል። በዛሬው ጊዜ በየሆስፒታሉ የሽንት አልቡሚን የሚለካው ያለ ጨረራ፣ በኬሚካላዊና በፀረ እንግዳ አካል ዘዴዎች መሆኑንም አንባቢው እንዲያውቅ ማድረግ ይገባል።

4. ማጣራት፣ መልሶ መምጠጥ፣ ማስወገድ

ጤነኛ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ነው። የቀረውን ቱቦዎቹ መልሰው ይመጡታል። ስለዚህ «ማጣራት»፣ «መልሶ መምጠጥ» እና «ማስወገድ» ሦስት የተለያዩ ተግባራት ናቸው፤ ቱቦው ከደም ወስዶ የሚጨምረው ነገር ደግሞ «ማመንጨት» ሊባል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ፣ ጤነኛ ኩላሊት ምን ያህል አልቡሚን ያጣራል በሚል በተነሣው ክርክር የተጣራውና የተወገደው መጠን ተለይቶ መነገሩ ወሳኝ ነበር። ሁለቱንም «መውጣት» ብሎ የተረጎመ ሰው የክርክሩን ፍሬ ነገር ያጠፋዋል።

«ክሊራንስ» የሚባለውም «ጽዳት» ተብሎ መተርጎም የለበትም። ቃሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከአንድ ንጥረ ነገር ፈጽሞ የጠራውን የፕላዝማ ይዘት ስለሚያመለክት «የማጽዳት መጠን» ቢባል መለኪያነቱ ይታወቃል።

የማጣሪያዋን ቅንጣት በተመለከተ አማርኛ ከማንም የማይበደረው ቃል አለው። «ግሎሜሩለስ» በላቲን ትንሽ የክር ጥቅል ማለት ሲሆን፣ እናቶቻችን ፈትለው የሚጠቀልሉት «ልቃቂት» ቁርጥ እርሱን ነው። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል እንዲህ ያሉ የቀጫጭን ደም ሥሮች ጥቅሎች ስላሉ «የኩላሊት ልቃቂት» ቢባሉ ቅርጻቸውንም ስማቸውንም ያስተባብራል።

5. ሁለቱ ግማሽ ዕድሜዎች

ጨረራ አመንጪው አዮዲን 131 በ8 ቀን ውስጥ ግማሹ ይከስማል፤ አዮዲን 125 ግን 60 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ይህ «የጨረራ ግማሽ ዕድሜ» ነው። አልቡሚኑ ራሱ ደግሞ በሰውነት ውስጥ 19 ቀን ያህል ግማሽ ዕድሜ አለው፤ ይህም «ሥነ ሕይወታዊ ግማሽ ዕድሜ» ይባላል። አዮዲን 131 በአልቡሚን ላይ ሲሆን ሁለቱ ተጣምረው ወደ 5.6 ቀን የሚጠጋ «ውጤታዊ ግማሽ ዕድሜ» ይሰጣሉ። ያለ ቅጽል «ግማሽ ዕድሜ» ብሎ መተው የትኛው እንደተፈለገ ስለማያሳውቅ ቅጽሉ ፈጽሞ መቅረት የለበትም።

6. ለታካሚው የሚነገረው ቃል

ከመጽሐፍ ቋንቋ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የስምምነት ቅጹ ነው። ከደብረ ኤልያስ ወይም ከሞጣ ለሕክምና የመጣ ገበሬ «የተመረዘ ፕሮቲን ይሰጥዎታል» ቢባል እምቢ ማለቱ አያስደንቅም፤ «ምንም የሌለበት መድኃኒት ነው» ቢባልም ተታሏል። ትክክለኛው ቃል ከሁለቱ መካከል ይገኛል፤ «ጥቂት ጨረራ የሚያመነጭ መለያ ያለው ፕሮቲን ነው፤ ለምርመራ እንጂ ለፈውስ አይደለም» ማለት ይገባል። በዚሁ ቅጽ ላይ ሁለት አዮዲኖች ይጠቀሳሉ። አንደኛው ጨረራ አመንጪው መለያ ነው፤ ሁለተኛው መለያው በታይሮይድ ዕጢ እንዳይከማች አስቀድሞ የሚሰጠውና ጨረራ የሌለው ነው። ሁለቱን በደፈናው «አዮዲን» ብሎ መጥራት መከላከያውንና የሚከላከሉትን ነገር አንድ ያደርጋል።

ደብረ ኤልያስ ሐዲስ ዓለማየሁን ከመሳሰሉት ደራስያን ጋር ስሟ የሚነሣ የቅኔ አገር ናት። የቅኔ ተማሪ ግሥን ሳያገላብጥና ምሥጢሩን ሳይመረምር ቃል አይጥልም። ይኸው ልማድ ለሙያ ቃላት ሥራም ይበጃል፤ ነገር ግን በሙያ ቃል ኅብር አይፈቀድም፤ አንድ ቃል አንድ ነገር ብቻ ይጥራ።

ከዚህ በላይ የተመለከቱት ስያሜዎች፣ ማለትም መለያ፣ ዱካ ጠቋሚ፣ ባለመለያ አልቡሚን፣ መልሶ መምጠጥ፣ የማጽዳት መጠን፣ የኩላሊት ልቃቂትና ሦስቱ ግማሽ ዕድሜዎች፣ የቋንቋ ሊቃውንትና የሕክምና ባለሙያዎች በአንድነት እንዲመረምሯቸው ቀርበዋል።