ኢቲ 302 እና የዋሽንግተን ገንዘብ

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ አውሮፕላን፣ የኢንዶኔዥያው የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ 8፣ 189 ሰዎችን እንደያዘ ጃቫ ባሕር ውስጥ ገብቷል። ይህን ያህሉን አብዛኞቻችን እናውቃለን። ምክንያቱ ሲነሳ ደግሞ «የሶፍትዌር ችግር ነበረበት» ተብሎ ይታለፋል። ያ ሶፍትዌር ለምን ተሠራ? ለምን ከአብራሪዎች ተደበቀ? እንዳይሸጥ ማገድ የሚችለው መሥሪያ ቤትስ የት ነበር? ለእኔ ዋናው ትምህርት ያለው በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ነው፤ መልሳቸውም ከአውሮፕላኑ ጅራት ተነስቶ አሜሪካ ኮንግረስ ድረስ ይወስደናል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው የገበያ ፉክክር ነው። በ2010 መጨረሻ ኤርባስ ነዳጅ ቆጣቢ ሞተር የተገጠመለትን ኤ320ኒዮ ይዞ ብቅ አለ። በ2011 አጋማሽ የቦይንግ የቆየ ደንበኛ የሆነው አሜሪካን ኤርላይንስ 260 አውሮፕላኖችን ከኤርባስ አዘዘ። ቦይንግ አዲስ አውሮፕላን ከመሠረቱ ልሥራ ቢል ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ በ1967 ለመጀመሪያ ጊዜ በበረረው 737 ላይ አዲስ ሞተር ለመግጠም ወሰነ። ችግሩ የ737 ቁመት ነው። አውሮፕላኑ የተነደፈው ሻንጣ በእጅ በሚጫንበት ዘመን ስለሆነ ሆዱ ለመሬት የቀረበ ነው፤ ትልቁ ሞተር ከክንፉ ሥር አይበቃውም። መሐንዲሶቹ ሞተሩን ወደ ፊትና ወደ ላይ ገፋ አድርገው ሰቀሉት። ይህም በአንዳንድ የበረራ ሁኔታዎች የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከሚገባው በላይ ሽቅብ እንዲል አደረገው። አፍንጫው በጣም ከቀና ክንፎቹ አውሮፕላኑን ተሸክመው የመቆየት አቅም ያጣሉ።

መፍትሔ ተብሎ የመጣው ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ነው። አፍንጫው በጣም ቀና ማለቱን የሚጠቁም መረጃ ሲደርሰው አብራሪውን ሳይጠይቅ የጅራቱን አግድም ክንፍ አዙሮ አፍንጫውን ወደ ታች ይደፋል። መረጃውን የሚሰጡት በአፍንጫው ግራና ቀኝ የተተከሉ፣ ነፋሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ናቸው። በየበረራው ግን ኤምካስ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። በኢቲ 302 ላይ የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15.3 ዲግሪ ይል ነበር። የመጀመሪያው ቁጥር ገና ከመሬት ለተነሳ የመንገደኛ አውሮፕላን የማይታሰብ ነው፤ ሁለቱን የሚያነጻጽር አንድ ቀላል ትእዛዝ ቢኖር ስህተቱ ወዲያው ይታወቅ ነበር። ያ ትእዛዝ በሶፍትዌሩ ውስጥ አልነበረም። ሁለቱ ሴንሰሮች ሲጣሉ ለአብራሪዎች መንገር የነበረበት የማስጠንቀቂያ ጽሑፍም የሚሠራው ሌላ ተጨማሪ መሣሪያ በገዙ አየር መንገዶች አውሮፕላኖች ላይ ብቻ ነበር፤ ቦይንግ ይህን ጉድለት በ2017 አውቆ ለደንበኞቹ አልተናገረም።

አብራሪዎቹ ስለ ኤምካስ እንዲያውቁ ለምን አልተደረገም? ይህ የታሪኩ እምብርት ነው። አየር መንገዶች አዲስ ዓይነት አውሮፕላን ሲገዙ አብራሪዎቻቸውን በሲሙሌተር ማሰልጠን ይጠበቅባቸዋል፤ ያ ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል። ቦይንግ ማክስን የሸጠው «የቀድሞውን 737 የሚያበር ሰው ሲሙሌተር ሳይገባ ይህንንም ያበራል» እያለ ነው። ለሳውዝዌስት አየር መንገድ የሲሙሌተር ስልጠና ግዴታ ከሆነ በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት በውል ገባ። በ2013 የተያዘ የኩባንያው የውስጥ ሰነድ ኤምካስ እንደ አዲስ ነገር ከቀረበ በፈቃድና በስልጠና በኩል ጣጣ ሊያመጣ እንደሚችል ያነሳል። ቀጥሎ ኤምካስ ከአብራሪዎች መመሪያ ወጣ። በ2017 ላየን ኤር ራሱ ለአብራሪዎቹ የሲሙሌተር ስልጠና ፈልጎ ነበር፤ የቦይንግ ሠራተኞች አግባብተው ሐሳቡን አስቀየሩት። እነዚህን የጽሑፍ ልውውጦች ያነበበ ሰው ከቁጣ መራቅ ይቸግረዋል። እኔም ልርቅ አልሞክርም።

አሁን ወደ ዋሽንግተን እንሂድ። በአሜሪካ አንድ አውሮፕላን ለመብረር ብቁ መሆኑን የሚያረጋግጠው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍኤኤ፣ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከፊሉን የምርመራ ሥራ ለአምራቹ ሠራተኞች መስጠት የጀመረው ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ነው፤ በ2005 የወጣ ደንብ ግን አሠራሩን በጣም አሰፋው። በዚያ ደንብ መሠረት መርማሪዎቹን የሚመርጣቸውም የሚከፍላቸውም ኩባንያው ሆነ። ማክስ ፈቃድ ባገኘበት ዘመን ኤፍኤኤን ወክለው የሚሠሩ የቦይንግ ሠራተኞች 1,500 ገደማ ነበሩ፤ እነርሱን የሚቆጣጠረው የኤፍኤኤ ቢሮ ሠራተኞች 50 አይሞሉም። ሻጩ ሚዛኑንም ራሱ እንዲይዝ ተፈቀደለት ማለት ነው። በዚህ መሃል ኤምካስ በአንድ ጊዜ የጅራቱን ክንፍ የሚያዞርበት መጠን ከ0.6 ዲግሪ ወደ 2.5 ዲግሪ ሲያድግ ጉዳዩን ማወቅ የነበረባቸው ብዙ የኤፍኤኤ ባለሙያዎች አላወቁም።

ተቆጣጣሪው እንዲህ የሳሳው በአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም። በአሜሪካ ሎቢ ሕጋዊ ሥራ ነው፤ ኩባንያዎች የምክር ቤት አባላትንና ባለሥልጣናትን የሚያግባቡ ባለሙያዎችን ይቀጥራሉ፣ ያወጡትንም ገንዘብ በየሦስት ወሩ ያስመዘግባሉ። ቦይንግ በ2018 ለዚህ ሥራ ያወጣው 15 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። ለፌዴራል መንግሥት የሚሠራ ተቋራጭ በመሆኑ ከካዝናው በቀጥታ ለእጩዎች መስጠት አይችልም፤ ከሠራተኞቹ የተሰበሰበ መዋጮ በፖለቲካ ኮሚቴው በኩል ግን ለአንድ እጩ በአንድ ምርጫ እስከ 5,000 ዶላር ይሰጣል። ገንዘቡ ለዴሞክራቶችም ለሪፐብሊካኖችም ይደርሳል። ለበዓለ ሲመት መስጠት ደግሞ ይፈቀዳል፤ በ2017 ለፕሬዚዳንት ትራምፕ በዓለ ሲመት 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል።

ከገንዘቡ እኩል የሚሠራው የሰዎች መመላለስ ነው። በ2017 የኤፍኤኤን የደህንነት ክፍል እንዲመሩ የተሾሙት አሊ ባህራሚ ቀደም ሲል የኤፍኤኤ ኃላፊ ነበሩ፤ በመካከሉ ለዓመታት የሠሩት የአውሮፕላን አምራቾችን ጥቅም በሚያስጠብቀው የኢንዱስትሪው ማኅበር ውስጥ ነው። እዚህ ላይ የተጣሰ ሕግ የለም። ለእኔ የሚያሳስበውም ይኸው ነው።

የዚህን ሁሉ ጫና አቅጣጫ በግልጽ የሚያሳየው ጥቅምት 5 ቀን 2018 የተፈረመው የኤፍኤኤ ማደሻ ሕግ ነው። ቦይንግና የኢንዱስትሪው ማኅበራት ለዓመታት የጎተጎቱበት ይህ ሕግ ለአምራቹ የተሰጠውን የምርመራ ሥልጣን ይበልጥ አሰፋ፤ መሥሪያ ቤቱ ሥራውን ወደ ራሱ ልመልስ ሲል ምክንያቱን የማስረዳት ሸክም ጫነበት። ላየን ኤር የወደቀው ሕጉ በተፈረመ በ24ኛው ቀን ነው። በርግጥ ማክስ ፈቃድ ያገኘው በ2017 ስለሆነ አደጋውን ይህ ሕግ አመጣው ማለት አይቻልም። ግን ኩባንያው ራሱን የመመርመር ሥልጣኑ ገና አልበቃኝም ይል እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ለእኛ ይበልጥ የሚያመው የሚቀጥለው ነው። ከላየን ኤር አደጋ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2018፣ ኤፍኤኤ ባካሄደው የውስጥ ጥናት ሶፍትዌሩ ካልተስተካከለ በአውሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን 15 ያህል ተመሳሳይ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ገመተ። ስሌቱን በዓመት ከፋፍለን ብናየው በየሦስት ዓመቱ አንድ አውሮፕላን ይወድቃል ማለት ነው። ማክስ ግን መብረሩን ቀጠለ። ኢቲ 302 ከወደቀ በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድና ቻይና ማክስን ወዲያው ሲያግዱ፣ የቦይንግ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴኒስ ሙይለንበርግ ለፕሬዚዳንት ትራምፕ ስልክ ደውለው አውሮፕላኑ ደህና መሆኑን ይናገሩ ነበር። አሜሪካ ያገደችው በሦስተኛው ቀን ነው።

ወዲያው ደግሞ ጣት ወደ አብራሪዎቹ ተቀሰረ። በአሜሪካ የሰለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ አደጋውን ያመልጡት ነበር የሚል አስተያየት በምክር ቤት ስብሰባ ላይ ጭምር ተሰማ። ኢትዮጵያ የመረጃ ሣጥኖቹን ወደ አሜሪካ ሳይሆን ወደ ፓሪስ መላኳ ዛሬም ትክክል ይመስለኛል። በሚያዝያ 2019 መጀመሪያ ላይ የወጣው የቅድሚያ ሪፖርት አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ደጋግመው ቢፈጽሙም አውሮፕላኑን መቆጣጠር እንዳልቻሉ ገለጸ። በ2022 መጨረሻ የኢትዮጵያ የመጨረሻ ሪፖርት ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የአብራሪዎቹ አያያዝ በበቂ አልተመረመረም ብለው ተቃውመዋል፤ በሁሉም ነጥብ አልተስማሙም። ኤምካስ በተሳሳተ መረጃ ተነስቶ አፍንጫውን ደጋግሞ መድፋቱን ግን ማንም አልካደም። መኖሩን በወጉ ያልተነገረውን ማሽን ከመሬት ብዙም ሳይርቅ፣ ማንቂያዎች በሚጮኹበት ክፍል ውስጥ፣ በደቂቃዎች ለይቶ እንዲያሸንፍ ከአብራሪ መጠበቅ ግፍ ነው።

ሒሳቡ እንዴት ተወራረደ? ቦይንግ ከ2013 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት የራሱን አክሲዮን መልሶ ለመግዛት ያወጣው ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ የአክሲዮን ዋጋ ከፍ እንዲል የሚደረግ ግዢ መሆኑ ነው። በጥር 2021 ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ባደረገው ስምምነት የወንጀል ክሱ ሲዘገይለት ይከፍላል ከተባለው 2.5 ቢሊዮን ዶላር አብዛኛው ለአየር መንገዶች ካሣ ነበር፤ የወንጀል ቅጣቱ 243.6 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። ሙይለንበርግ ከሥራ ሲሰናበቱ 62 ሚሊዮን ዶላር ያህል የጡረታና የአክሲዮን ጥቅም ይዘው ወጡ። የፍትሕ ሚኒስቴሩ ስምምነት የተደረገው ለሟቾቹ ቤተሰቦች ሳይነገር ነበር። በ2022 አንድ የቴክሳስ ፌዴራል ዳኛ ሟቾቹ በሕግ የወንጀል ተጎጂዎች ናቸው ሲሉ ወሰኑ። በጥር 2024 ደግሞ አላስካ ኤርላይንስ ያበረው ከነበረ ማክስ 9 ላይ የበር ቀዳዳ መዝጊያ በአየር ላይ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ፍትሕ ሚኒስቴርም ቦይንግ ስምምነቱን ጥሷል አለ። ይሁን እንጂ በ2025 ሚኒስቴሩ ክሱን ለመተው ተስማማ፤ ዳኛውም ውሳኔው የሕዝብን ጥቅም ያስጠብቃል ብለው እንደማያምኑ፣ ነገር ግን የመከልከል ሥልጣን እንደሌላቸው ጽፈው መዝገቡን ዘጉት። በዚህ ጉዳይ በወንጀል ችሎት የቆመ አንድ ግለሰብ ብቻ ነው፤ እርሱም የኩባንያው የቀድሞ ዋና የቴክኒክ አብራሪ ሲሆን በ2022 ነጻ ተባለ።

«ታዲያ ሌላ አምራች ጋር ለምን አይኬድም?» የሚል ይኖራል። ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖችን በብዛት ለዓለም የሚሸጡት ሁለት ኩባንያዎች ናቸው፤ ኤርባስ ዛሬ የታዘዘውን የሚያስረክበው ከዓመታት ወረፋ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ በ2022 ማክስን ወደ በረራ መልሶ፣ በኅዳር 2023 ዱባይ ላይ 20 ተጨማሪ ማክሶችን አዟል። አየር መንገዱን መውቀስ ቀላል ነው፤ ሁለት ሻጭ ብቻ ባለበት ገበያ ግን ገዢ ሻጩን መቅጣት አይችልም። የቀረው መቆጣጠሪያ ሕግ ነው።

ሕጉን ደግሞ ቤተሰቦቹ ለውጠውት ነበር። ከካናዳ፣ ከኬንያ፣ ከአሜሪካ፣ ከአየርላንድና ከሌሎችም አገሮች እየመጡ፣ የሟቾቹን ፎቶ ከፍ አድርገው ይዘው በየስብሰባ አዳራሹ ቆሙ። በ2020 መጨረሻ ኮንግረሱ የአውሮፕላን ፈቃድ አሰጣጥን የሚያጠብቅ ሕግ አወጣ፤ ከድንጋጌዎቹ አንዱ ከሁለት ዓመት በኋላ ፈቃድ የሚያገኝ አውሮፕላን ዘመናዊ የአብራሪ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እንዲኖረው ያስገድዳል። ቀነ ገደቡ ሲደርስ ማክስ 7 እና ማክስ 10 ገና ፈቃድ አላገኙም ነበር። ቦይንግ ጎተጎተ። በታኅሣሥ 2022 ሁለቱን ከግዴታው የሚያወጣ አንቀጽ መንግሥት እንዳይዘጋ በችኮላ በሚያልፍ ትልቅ የበጀት ሕግ ውስጥ ገባ። ፎቶ ይዞ የመጣ ቤተሰብ ወደ አገሩና ወደ ሥራው ይመለሳል፤ የኩባንያው ሎቢስት ግን በማግስቱም እዚያው ነው።

ቦይንግ ዋና መሥሪያ ቤቱን በ2022 ከቺካጎ ወደ ቨርጂኒያዋ አርሊንግተን አዛውሯል፤ ከፔንታገን አጠገብ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የዋሽንግተን ዙሪያ ማለት ነው። ከእነርሱ መካከል ዜግነት ያላቸው በምርጫ ድምፅ ይሰጣሉ፣ የምክር ቤት አባላቸውን ቀርበው መጠየቅም ይችላሉ። የሎቢ ወጪ መዝገብም ለማንም ክፍት ነው፤ የኩባንያውን ስም ጽፎ ማን ለየትኛው ሕግ እንደተከፈለው ማየት ይቻላል። አሁን የሚሠራበት የኤፍኤኤ ማደሻ ሕግ በ2024 ወጥቶ እስከ 2028 ይዘልቃል። አዲሱን የማርቀቅ ሥራ ከዚያ ቀደም ብሎ ይጀመራል፤ ሥልጣንን ለአምራቹ አሳልፎ የመስጠት ጉዳይም እንደገና ጠረጴዛ ላይ መቅረቡ አይቀርም።