እባብን በአንድ ምልክት መለየት

ራሱ ሦስት ማዕዘን፣ የዓይኑ ብሌን እንደ ድመት ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀ፣ ጅራቱ ድንገት የሚቀጥን እባብ መርዛማ ነው፤ ራሱ ከአንገቱ እኩል፣ ብሌኑ ክብ ከሆነ ግን አይጎዳም። ሲነክስ ሁለት ነጥብ ከተወ መርዝ አለው፤ ብዙ ጭረት ከተወ የለውም። በየስልኩ የሚዞረው ይህ ምክር ፈጠራ አይደለም፤ አገሩን የሳተ ነው እንጂ። በሰሜን አሜሪካ አብዛኞቹ መርዛማ እባቦች ጅራቱን የሚያንቃጭለው ራትልስኔክ የሚገኝበት አንድ የእፉኝት ወገን ስለሆኑ፣ ራስና ብሌን አይቶ የሚፈርድ ሰው ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። እዚያም ቢሆን ኮራል የሚባለው ባለ ክብ ብሌን እባብ ደንቡን ያፈርሰዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ደንቡ የሚፈርሰው በአንድ ዝርያ አይደለም፤ ገዳዮቹን የዋህ፣ የዋሆቹን ገዳይ እያደረገ ከሁለቱም ወገን ይፈርሳል። በእኛ አገር መርዛማውን ከማይጎዳው የሚለይ አንድም የአካል ምልክት የለም። አስተማማኙ እውቀት በየአካባቢው የሚኖሩትን ጥቂት አደገኛ ዝርያዎች በሙሉ መልካቸው፣ በቦታቸውና በጠባያቸው ለይቶ ማወቅ ነው። ከዚህ ውጪ ያለው ሁሉ ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ እጅን ወደ እባብ ለመስደድ አይበቃም።

ከብሌን እንጀምር። በቆላው የሚኖሩት ኮብራዎችና ጥቁር ማምባ በአገሪቱ ካሉት እባቦች ሁሉ እጅግ ከሚያስፈሩት ናቸው፤ ብሌናቸው ግን ክብ ነው። በሌላ በኩል በየጎተራውና በየግድግዳው ስንጥቅ አይጥ እያደነ የሚኖረው ቡናማ የቤት እባብ አንዲት ጠብታ መርዝ የለውም፤ ብሌኑ ግን እንደ ድመት የቆመ ነው። በጋምቤላና በኦሞ ሸለቆ የሚገኘው ዘንዶም እንዲሁ ነው። ራሱ ሰፊ ሦስት ማዕዘን፣ ብሌኑ ቀጥ ያለ ሆኖ ሳለ የሚገድለው ተጠምጥሞ በመጭመቅ እንጂ በመርዝ አይደለም። ከሁሉ የሚገርመው የሌሊት እፉኝት የሚባለው ወገን ነው። እውነተኛ እፉኝት ነው፤ የመርዝ ጥርስም አለው። ነገር ግን ብሌኑ ክብ ነው፣ በራሱ ላይ ያሉት ቅርፊቶችም እንደ ማይጎዱት እባቦች ትልልቅና ጠፍጣፋ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የብሌን ቅርጽ የሚነግረን እባቡ በቀን ወይስ በሌሊት፣ አድፍጦ ወይስ እያሳደደ እንደሚያድን ነው። መርዝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንዱ የሌላው ምስክር ሊሆን አይችልም። ይህን ሁሉ ብንተወው እንኳ፣ የእባብን ብሌን አይቶ ለመፍረድ የሚያበቃ ርቀት እባቡ ለመንደፍ የሚበቃው ርቀት ነው።

የራስ ቅርጽ ደግሞ የሚያሳስተው በራሱ መንገድ ነው፤ ምክንያቱም እባቦች ራሳቸው ያስመስላሉ። እንቁላል በሊው እባብ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የወፍ እንቁላል ውጦ በአንገት አጥንቱ ሰብሮ ፈሳሹን ያስቀርና ቅርፊቱን ይተፋል። ጥርስ አለው ለማለት አያስደፍርም፤ መርዝ ጭራሽ የለውም። ሲያስፈራሩት ግን ራሱን ጠፍጥፎ ሦስት ማዕዘን ያደርጋል፣ በየእጥፉ ይጠመጠምና ሸካራ ቅርፊቶቹን እርስ በርስ አፋትጎ እንደ መጋዝ ያለ ድምፅ ያሰማል፣ ደጋግሞም ይወረወራል። ይህ ሁሉ በሰሜን ምዕራብና በምሥራቅ ቆላ የሚገኘውን ኢኪስ የተባለ ትንሽ እፉኝት መኮረጁ ነው። ኢኪስ በዚያው አኳኋን ተጠምጥሞ ያንኑ ድምፅ ያሰማል፤ የእሱ መርዝ ግን ደም እንዳይረጋ አድርጎ ሰውን በውስጥ መድማት ይገድላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያላየ ሰው በሚሰማው ድምፅና በሚያየው ራስ ብቻ ሊለያቸው አይችልም፤ ማስመሰሉ ያለው ጥቅምም ይኸው ነው።

ከዚህ ተቃራኒ የቆመው አትራክታስፒስ የተባለው ከመሬት በታች የሚኖር እባብ ነው። ራሱ ትንሽ፣ ከአንገቱ የማይለይ፤ ዓይኑ የነቁጥ ያህል፤ ቆዳው ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ነው። በአሜሪካው ምክር ብንሄድ ከእሱ የሚሻል የዋህ የለም። እባብ መያዝ የለመዱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከራስ ኋላ ይይዛሉ፤ ይህ ግን ከራሱ ኋላ ሊያዝ አይችልም። ረጃጅም የመርዝ ጥርሱን አፉን ሳይከፍት በከንፈሩ ጎን አውጥቶ ወደ ኋላና ወደ ጎን ስለሚወጋ የያዘውን ጣት ራሱን ያገኘዋል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው በአንድ ጥርስ ስለሆነ የሚተወውም አንድ ነጥብ ነው፤ ሁለት ነጥብ ፈልጎ ያጣ ሰው ራሱን በከንቱ ያጽናናል። ንክሻው አብዛኛውን ጊዜ በብርቱ ሕመምና በእብጠት ያልፋል፤ ጣት ያሳጣበት፣ ሰው የገደለበት ጊዜም ግን አለ፤ በአፍሪካ የሚሸጡት ማርከሻዎችም ለእሱ አይሠሩም።

ስለ ቀለም ብዙ ማለት አያስፈልግም። አረንጓዴ እባብ ያየ ሰው በአገራችን ቢያንስ ከሦስት አንዱን አይቶ ይሆናል፤ በውሃ ዳር እንቁራሪት የሚያድነውን ምንም የማይጎዳ የቁጥቋጦ እባብ፣ ወንዱ አረንጓዴ የሚሆነውን ገዳዩን ቡምስላንግ፣ ወይም ከሌሊት እፉኝት ወገን የሆነውን አረንጓዴ ዝርያ። ጥቁር ማምባም ቢሆን ቆዳው ግራጫ ወይም የወይራ ቅጠል የመሰለ ነው፤ ጥቁሩ የአፉ ውስጥ ነው፣ እሱንም የሚያሳየው ሲቆጣ ብቻ ነው።

ምልክት ቆጥሮ መለየት ለተራ ሰው ካስቸገረ ለባለሙያ ይሠራል የሚል ሊኖር ይችላል። ለዚህ መልሱ የካርል ሽሚት ታሪክ ነው። ሽሚት በቺካጎ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ዕድሜውን በእባብ ጥናት ያሳለፈ፣ በዘመኑ አንቱ የተባለ አዋቂ ነበር። በመስከረም 1957 እ.ኤ.አ. የከተማው መካነ እንስሳት አንድ ትንሽ አፍሪካዊ እባብ ለይልን ብሎ ላከለት። የራሱ ቅርጽና የቆዳው መልክ ቡምስላንግ ይመስል ነበር፤ ከጅራቱ ሥር ያለው ቅርፊት ግን የቡምስላንግ እንደሚሆነው ለሁለት አልተከፈለም ነበር። ባለሙያው በዚህ አንድ ቅርፊት ሲያመነታ እባቡ አውራ ጣቱን ነደፈው። የገባው ጥርስ አንድ ነበር፤ እባቡም ገና ያላደገ ነበር፤ ሽሚትም ነገሩን አቅልሎ ሕመሙን በሰዓት በሰዓቱ እየመዘገበ ቤቱ ተቀመጠ። በማግሥቱ ሞተ። እባቡ ቡምስላንግ ነበር፤ ቅርፊቱ ከወገኖቹ የተለየ መሆኑ መርዙን አልቀነሰውም። ሽሚትን የገደለው አለማወቅ ነው ማለት አይቻልም። ከአጠቃላዩ መልክ ይልቅ ለአንድ ምልክት ትልቅ ሚዛን መስጠቱና በጥርጣሬው ጊዜ እባቡን በእጁ መያዙ ነው።

እንግዲህ የሚሠራው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ቁጥሩን ማሳነስ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ወደ 4,000 የሚጠጉ የእባብ ዝርያዎች የዓለም ጤና ድርጅት ለሰው አስጊ ብሎ የዘረዘራቸው 250 ገደማ ናቸው፤ በአንድ ወረዳ ውስጥ ደግሞ ሕይወት የሚያሰጉት ብዙ ጊዜ በእጅ ጣት ይቆጠራሉ። ሁሉን እባብ ከማጥናት እነዚህን ጥቂቶች በደንብ ማወቅ ይቀላል። በብዙው የኢትዮጵያ ክፍል የመጀመሪያው ፓፍ አደር የተባለው ወፍራም እፉኝት ነው። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ1 ሜትር አይበልጥም፤ ውፍረቱ ግን የጎልማሳ ክንድ ያህላል። በጀርባው ላይ ጫፋቸው ወደ ጅራቱ የሚያመለክት ጥቁርና ቢጫማ መስመሮች ተደርድረዋል። ሲቀርቡት አይሸሽም፤ አካሉን ነፍቶ እፍ ይላል፣ ወይም ጭራሽ ዝም ብሎ ይተኛል። ሰው በብዛት የሚነደፈውም በዚህ ዝምታው ነው፤ ማታ በእግር መንገድ ላይ ተጋድሞ ይረገጣል። ኮብራ የሚታወቀው በአቋሙ ነው፤ ደረቱን አንሥቶ አንገቱን ይዘረጋል። በስምጥ ሸለቆና በደቡብ የሚገኙት ተፊዎቹ መርዛቸውን ከ2 ሜትር በላይ አርቀው ዓይን ላይ ይረጫሉ፤ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ካልታጠበ ዓይን ያጠፋል። ማምባ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፈጣን የቆላ እባብ ነው።

ከመልክ ቀጥሎ የሚመጣው ቦታ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም ምልክት በላይ የሚናገረው እሱ ነው። ማምባና ኢኪስ የቆላ እንስሳት ናቸው፤ ደጋ ላይ ማምባ አየሁ ያለ ሰው ሌላ ነገር አይቷል። በደጋው የሚያጋጥሙት አብዛኞቹ ትንንሽና የማይጎዱ ናቸው፤ ከነሱም መካከል ቀንድ አውጣና መሰሎቹን ብቻ እየበላ የጓሮ አትክልት የሚጠብቅ አለ። ይህ ግን ደጋው ከመርዝ ነጻ ነው ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ባለ ትንንሽ ዓይን የተራራ እፉኝት በሳይንስ የተመዘገበው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የባሌው ሐረና ጫካ እፉኝት ደግሞ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የታወቀው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ቦታ መመሪያ ነው፤ ዋስትና አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያየኸውን ሁሉ ግደል የሚለው አይቀልም ወይ? ይህ የሰነፍ ክርክር አይደለም። ልጆቹ በባዶ እግር የሚሮጡ ገበሬ ቅርፊት ሲቆጥር እንዲቆም ሊጠየቅ አይገባም። ችግሩ መግደል ራሱ ወደ እባቡ መቅረብን የሚጠይቅ መሆኑ ነው፤ ሊሸሽ የነበረ እባብ በዱላ ሲያዝ ይነድፋል፣ የተቆረጠ የእፉኝት ራስም ለተወሰነ ጊዜ መንከስ ይችላል። በዚያም ላይ በመጀመሪያ የሚገደሉት በየቤቱ ዙሪያ የሚታዩት አይጥ በሊዎች ናቸው፤ እነሱ ሲያልቁ አይጥ ይበዛል፣ አይጥ ደግሞ እህሉን ከመፍጀቱም በላይ ሌሎች እባቦችን ይስባል። እንጨት ክምርን ከቤት ማራቅ፣ ማታ መብራት ይዞ መሄድ፣ ጫማ ማድረግና ከመሬት ከፍ ብሎ መተኛት ከዱላ ይልቅ ሰው ያድናሉ።

ሌላው ክርክር ሐኪሙ ለማከም ዝርያውን ማወቅ አለበት፣ ስለዚህ እባቡ ተገድሎ ይምጣ የሚለው ነው። ይህም ቢሆን ያን ያህል አያስፈልግም። በሁመራ፣ በመተማና በአብደራፊ ቆላ ሰሊጥ የሚያጭዱ ወቅታዊ ሠራተኞች ሲነደፉ ማን እንደነደፋቸው ሳያዩ ይመጣሉ፤ በአብደራፊ የሠሩት የድንበር የለሽ ሐኪሞች ባለሙያዎችም ሆኑ ሌሎች የሚያክሙት ሕመሙን አይተው ነው። ደም መፍሰስ፣ የዐይን ሽፋን መውደቅና ትንፋሽ ማጠር፣ የሚስፋፋ እብጠት፤ እያንዳንዱ ወደ አንድ ወገን እባብ ያመለክታል። ውድ መሣሪያም አይጠይቅም። ጥቂት ደም በንጹሕ ደረቅ የመስታወት ቱቦ ተቀድቶ 20 ደቂቃ ሳይነካ ይቆያል፤ ቱቦው ሲዘነበል ደሙ ሳይረጋ ከፈሰሰ መርዙ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው፣ በዚያ አካባቢም ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው ኢኪስ ነው። የፕላስቲክ ቱቦ ውጤቱን ያበላሻል። የአፍሪካ ማርከሻዎች ብዙዎቹም ለብዙ ዝርያዎች በአንድነት የተዘጋጁ ናቸው። እውነተኛው ችግር ማርከሻው መጥፋቱ ነው። አሥር ዝርያዎችን የሚሸፍነውን ፋቭ አፍሪክ የተባለ ማርከሻ ያመርት የነበረው ሳኖፊ ፓስተር በ2014 እ.ኤ.አ. ማምረት አቁሟል፤ የመጨረሻው ምርትም በ2016 እ.ኤ.አ. ጊዜው አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ መርዝን ችላ ከተባሉት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ እንደ ድርጅቱ ግምት በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በዚሁ ይሞታል።

ስለዚህ የተነደፈ ሰው ካለ እባቡን ማሳደድ ይቅርና ከተቻለ በርቀት ቆሞ በስልክ ፎቶ ማንሣት ይበቃል። የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ተደግፎ ይታሰር፤ ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ይውለቅ። በገመድ ማነቅ፣ በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ ሥጋውን ከማጥፋት በቀር ጥቅም የላቸውም። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ በፍጥነት መሄድ፣ ከመሄድ በፊትም ስልክ ደውሎ ማርከሻ ያለበትን ማጣራት ነው፤ የእርስዎ ወረዳ ጤና ጣቢያ ማርከሻ እንዳለው ዛሬውኑ ይጠይቁ።