ከነጠላው ሥር

ጋይንት ውስጥ የሴት ደረት ሥራ ፈቶ አያውቅም። የአንቀልባው ጠፍር በላዩ ያልፋል፣ የእንስራው ገመድ በላዩ ይታሰራል፣ ለቅሶ ቤት ሲገባ ደግሞ ይመታል። አንድ ጡቷ በቀዶ ሕክምና የወጣ ሴት ወደ ንፋስ መውጫ ስትመለስ ይህ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃታል።

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሌላው ካንሰር ሁሉ በላይ የሚታይ ነው። አብዛኞቹ ሕመሙ ከገፋ በኋላ ስለሚመጡ ጡትን ጨርሶ ማውጣት የተለመደ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በንፋስ መውጫ ደጋ ነጠላና ጋቢ ብዙ ነገር ይሸፍናሉ፤ የተሸፈነውንም ሰው ሁሉ እንደዳነ ይቆጥረዋል። ነጠላ ግን ሚዛን አይመልስም። ከባድ ጡት ከአንድ ወገን ሲጎድል ትከሻ ይዛነፋል፣ አንገትና ጀርባ ያማል። የብብት ዕጢዎች አብረው ከወጡ ክንድ ሊያብጥ ስለሚችል ጠባሳው ላይ የሚያርፍ ጠባብ ማሰሪያ ጉዳት አለው።

የባርቢ አሻንጉሊት ፈጣሪ ሩት ሃንድለር በ1970 እ.ኤ.አ. አንድ ጡቷ ሲወጣ ገበያ ላይ ያገኘችው የጡት ምትክ አላረካትም፤ የራሷን አሠርታ «ኒርሊ ሚ» በሚል ስም ሸጠችው። ዛሬ ያለው የሲሊኮን ምትክ ክብደቱም አወራረዱም ጡት ይመስላል። የሚደረገው ግን ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጠበቃል። እስከዚያ የሚያስፈልገው ቀላልና ለስላሳ የጥጥ ምትክ ነው፤ ጥጥ ደግሞ የጋይንት እናቶች ዕውቀት ነው።

በመዳመጫ ፍሬው የተለየ፣ በደጋን የተነደፈ ባዘቶ በስስ ነጭ ጨርቅ ይሞላል። ወደ ገላ የሚዞረው ፊት ጠፍጣፋ፣ የውጪው ጎበጥ ያለ ይሁን፤ ስፌቱ ጠባሳውን አይንካ። ጡት ማስያዣው ከሰልባጅም ቢገዛ ማንገቻው ሰፊ፣ ሽቦ የሌለው ይሁን፤ ልብስ ሰፊም ከውስጥ ኪስ ይስፋለት። ኪስ ከሌለው ምጣድ ላይ ስታጎነብስ ምትኩ ሽቅብ ወደ አንገቷ ይወጣል። በዚህ የምታፍር ሴት እንጀራ መጋገሩን ለልጇ ትታ ከጓዳ አትወጣም፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ አንዲት የጨርቅ ኪስ የምትመልሰው ነገር ነውና። ቁስሉ ሲድን ባዘቶው መሐል ትንሽ የዳጉሳ ከረጢት ቢገባበት ክብደት ያገኛል፤ ሲታጠብ ዳጉሳው ይወጣል፣ ባዘቶውም ሲጓጉል ተፈትቶ እንደገና ይነደፋል።

ለሕክምና ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ጽፎ የላካት ሐኪም ስትመለስም የሚያያት እሱው ነው። ጠባሳዋን ሲያይ ከነጠላዋ ሥር ምን እንደለበሰች፣ እንስራውንም በምን እንደምታስር ይጠይቃት።