ያውቁ ኖሯል? ዓይንና ጆሮ ሲካሰሱ አንጎል ለማን ይፈርዳል

ካማሺ አካባቢ ከሸለቆ ማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ሲያዩ መጥረቢያው ግንዱ ላይ ያርፋል፤ ድምፁ ግን ዘግይቶ ይመጣል። ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘው 340 ሜትር ያህል ነውና ፈላጩ እዚያ ርቀት ላይ ከሆነ ሙሉ አንድ ሰከንድ ይዘገያል።

ሰውነታችን ውስጥ ግን ቀዳሚው ጆሮ ነው፤ ያውቁ ኖሯል? ጆሮ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት ሲለውጥ ከዓይን በጣም ይፈጥናል። ስለዚህ ሁለቱ አንጎል ዘንድ እኩል የሚደርሱት ነገሩ ከ10 እስከ 15 ሜትር ርቆ ሲገኝ ነው። ከዚያ ወዲህም ወዲያም ልዩነቱ ትንሽ እስከሆነ ድረስ አንጎል እንዳላየ ያልፈዋል።

የቃና ቴሌቪዥንን የትርጉም ድራማ ሲያዩ ድምፁ የሚወጣው ከስፒከሩ ነው፤ እርስዎ የሚሰሙት ግን ከተዋናይቱ አፍ ነው። «ከየት?» ለሚለው ጥያቄ ዓይን ይታመናል። «ስንት ጊዜ?» ሲሆን ፍርዱ ለጆሮ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2000 ላዳን ሻምስና ባልደረቦቿ አንድ ብልጭታ ከሁለት አጫጭር ድምፆች ጋር ሲያሳዩ፣ ተመልካቾች ሁለት ብልጭታ አየን አሉ።

አንዳንዴ ደግሞ ማንም አይረታም። እ.ኤ.አ. በ1976 ሃሪ ማክገርክና ጆን ማክዶናልድ «ጋ» የሚል አፍ ምስል ላይ «ባ» የሚል ድምፅ ገጠሙ። አብዛኞቹ አዋቂዎች የሰሙት «ዳ» ነው! ዓይን ሲጨፈን «ባ» ይመለሳል፤ ሲገለጥ እንደገና «ዳ»። ዘዴውን ማወቅም አያድንም፤ እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ዓይንና ጆሮ የሚተባበሩበት ጊዜም አለ። ማር ጠቋሚ የምትባለውን ወፍ ያውቋታል? እየተንጫጫች ትጠራለች፤ ማር ቆራጩ ወደ ድምፁ ዞሮ ሲያማትር የጅራቷ ዳር ነጭ ላባ ውልብ ይልበታል። ጆሮ አቅጣጫ ሲሰጥ ዓይንን የሚያዞረው በመሃለኛው አንጎል ያለ ሱፒሪየር ኮሊኩለስ የሚባል ትንሽ ጉብታ ነው። እዚያ ለምስልም ለድምፅም የሚነቁ ሕዋሳት አሉ። ባሪ ስታይንና አሌክስ ሜሬዲት በድመቶች ላይ እንዳሳዩት፣ ደካማ ምስልና ደካማ ድምፅ ከአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ሲመጡ የእነዚህ ሕዋሳት ምላሽ ከሁለቱ ድምር እንኳ ሊበልጥ ይችላል። ጫካ ውስጥ ለቅጽበት የታየ ላባ ማር ቆራጩን የማያመልጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

በገበያ ጫጫታ መሃል ነጋዴዋ የነገረችዎትን ዋጋ ለመስማት አፏን ያያሉ? ልክ ነዎት። የተናጋሪን ከንፈር ማየት በጩኸት ውስጥ ንግግርን ለመረዳት በእጅጉ እንደሚያግዝ እ.ኤ.አ. በ1954 ተረጋግጧል።

ዓይን ከባድ ሥራ ሲይዝ ግን ትኩረት ለጆሮ አይተርፍም። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ ከባድ የማየት ሥራ ከተሰጣቸው ሰዎች አብዛኞቹ በግልጽ የሚሰማ ድምፅ አምልጧቸዋል። ስልክ ላይ ያፈጠጠ ልጅዎ ሲጠሩት ዝም ቢል፣ ከመቆጣትዎ በፊት አንዴ ፊቱ ቆመው ይጥሩት።