ቻርጅ አልይዝ ያለ የቤት ጥበቃ ካሜራ፦ ይለወጥ ወይስ ይጠገን?

ባልና ሚስት ሥራ፣ ልጆች ትምህርት ቤት በሚውሉበት ቤት የውጭ በር ላይ የተተከለ ገመድ አልባ ካሜራ የዘበኛን ያህል እምነት ይጣልበታል። ይሁንና ካሜራው ኃይል ጨርሶ መጥፋቱ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ አንድ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። የሌባው ምስል ሲፈለግ የመጨረሻው ቀረጻ ከሦስት ቀን በፊት የተቋረጠ ሆኖ ይገኛል።

እንዲህ ያለ ችግር የገጠማቸው ባለንብረቶች ቀድሞ የሚታያቸው መፍትሔ ካሜራውን በአዲስ ሞዴል መለወጥ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ከውጭ የሚገባ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ለደመወዝተኛ ቤተሰብ ቀላል ወጪ አይደለም። ከዚህም በላይ ጉድለቱ ከካሜራው ውጪ ከሆነ አዲሱም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደ አሮጌው መጥፋቱ አይቀርም። በመሆኑም ከግዢ በፊት የችግሩን ምንጭ መለየት ይገባል።

በአብዛኞቹ ቻርጅ የሚደረጉ ካሜራዎች ውስጥ የሚገኘው ሊቲየም አዮን የተባለው የባትሪ ዓይነት ነው። ይህ ባትሪ ከአገልግሎት ጋር እያረጀ የሚሄድ ሲሆን፣ በተለምዶ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከተሞላና ከተሟጠጠ በኋላ የመያዝ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በሦስት ወር አንድ ጊዜ ብቻ ቻርጅ የሚደረግ ካሜራ እዚህ ቁጥር ላይ ለመድረስ አሥርት ዓመታት ይፈጅበት ነበር። ሆኖም ባትሪ ሥራ ፈትቶም ያረጃል፤ ሙቀት ደግሞ እርጅናውን ያፋጥነዋል። ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያግለው ቆርቆሮ ሥር የተሰቀለ ካሜራ ጥላ ካለበት ቀድሞ የሚደክመው።

ባትሪው መድከሙን ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሰዓት መያዝ ይበቃል። ለምሳሌ 5,200 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝና 3.7 ቮልት የሆነ ባትሪ በጠቅላላው 19 ዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ያከማቻል። 5 ቮልትና 1 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር በሰዓት የሚያቀርበው 5 ዋት ሰዓት ብቻ በመሆኑ፣ በመንገድ የሚባክነው ሲታሰብ ባዶውን ባትሪ ለመሙላት ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል። እንግዲህ ካሜራው በግማሽ ሰዓት ውስጥ "ሞልቷል" ብሎ በሁለት ቀን ካለቀ ያረጀው ባትሪው ነው። በተቃራኒው ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ አድሮ የማይሞላ ከሆነ ጥርጣሬው በቅድሚያ ወደ ቻርጀሩና ወደ ኬብሉ መዞር አለበት።

ኬብል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጥፋተኛ ነው። 5 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጭን ኬብል 1 አምፔር ሲያልፍበት እስከ 2 ቮልት ድረስ በመንገድ ሊያስቀር ይችላል። ከሶኬቱ በ5 ቮልት የተነሣው ኃይል ካሜራው ዘንድ ሲደርስ 3 ቮልት ገደማ ብቻ ይሆናል ማለት ነው፤ በዚህ ደግሞ ባትሪው አይሞላም። ካሜራውን ከግድግዳው አውርዶ በአጭርና በወፍራም ኬብል መሞከር በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መልስ ይሰጣል። የዝናብ ውኃ የገባበት ወይም የዛገ የቻርጅ ቀዳዳ መኖሩም በዚሁ አጋጣሚ ሊታይ ይገባል።

በሶላር ፓኔል የሚሞሉ ካሜራዎች የተለየ ጉዳይ አላቸው። ከአውሮፓ ወይም ከሰሜን አሜሪካ ጋር የሚስማማው መመሪያ ፓኔሉ ወደ ደቡብ በደንብ አዘንብሎ እንዲሰቀል ያዛል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በስተሰሜን በኩል ነው። መመሪያውን ቃል በቃል የተከተለ ሰው ሰማዩ በደመና በሚሸፈንባቸው የክረምት ወራት የምትገኘውን ጥቂት ብርሃንም ያጣል። እዚህ አገር ፓኔሉ ጠፍጣፋ ሊባል በሚችል ደረጃ ተሰቅሎ፣ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ብቻ በጥቂቱ ቢያዘነብል ይመረጣል። በሐምሌና በነሐሴ እየጠፋ በመስከረም የሚያገግም ካሜራ የሚያስፈልገው ብርሃን እንጂ ምትክ አይደለም።

ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ አሠራሩን ማስተካከል ነው። ሌንሱ ወደ መንገድ የዞረ ካሜራ በእያንዳንዱ አላፊ አግዳሚ እየነቃ ይቀርጻል፤ በየቀኑ መቶ ጊዜ ከሚነቃ ካሜራ የሦስት ወር ቆይታ አይጠበቅም። ከቤት የሚመጣው የዋይፋይ ሞገድ በብረት በር ወይም በቆርቆሮ አጥር ሲታገድም ካሜራው ግንኙነት ለማግኘት ሲታገል ኃይሉን ይጨርሳል። አቅጣጫውን ወደ ግቢ መልሶና የእንቅስቃሴ ጠቋሚውን ቀንሶ ለሁለት ሳምንት ማየት ምንም ወጪ አይጠይቅም።

የሚሞላው ኃይል አደጋ ሊያስከትል እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሪንግ የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ 350,000 ገደማ የሚሆኑ ካሜራ ያላቸውን የበር ደወሎች በሚመለከት ጥሪ ያደረገው ባትሪያቸው ሊግልና እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ነበር። ምክንያቱ ግን በተከላ ወቅት የተሳሳተ ብሎን መጠቀም ሲሆን፣ መፍትሔውም ዕቃውን መለወጥ ሳይሆን የተሻሻለውን የአገጣጠም መመሪያ መከተል ሆኗል።

መለወጥ ግድ የሚሆንባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ያበጠ ባትሪ ለአንድ ሌሊት እንኳ ቻርጅ ሊደረግ አይገባም፤ መብሳት ወይም መጫንም ክልክል ነው። ባትሪው ተነቃይ ከሆነ እሱን ብቻ መተካት ይበቃል፤ ከአካሉ ጋር ታሽጎ ከተሠራ፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ በላከው ካሜራ ላይ እንደሚያጋጥመው ምትኩ በአገር ውስጥ ገበያ ካልተገኘ፣ አዲስ ከመግዛት ሌላ አማራጭ አይኖርም። አምራቹ ድጋፉን ካቋረጠም እንዲሁ ነው። አርሎ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የቀድሞ ሞዴሎቹን መደገፍ እንደሚያቆም አስታውቆ በደንበኞች ቅሬታ ምክንያት ጊዜውን አራዝሟል። የደኅንነት ማሻሻያ የማይደርሰው ካሜራ ባትሪው ጤነኛ ቢሆንም ለባዕድ ዓይን የተጋለጠ ነው።

አዲስ ለመግዛት የወሰነ ባለንብረት በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው የምስሉን ጥራት ሳይሆን የኃይል ምንጩን ነው። ግድግዳው ኬብል ለመዘርጋት የሚመች ከሆነ እስከ 100 ሜትር በሚደርስ የኔትዎርክ ገመድ ኃይልና ምስል በአንድነት የሚያስተላልፍ ካሜራ ከቻርጅ ጣጣ ይገላግላል። መብራት በሚቋረጥበት ሰፈር ግን ይህኛው መጠባበቂያ ባትሪ ይፈልጋል። ባለ ባትሪው ካሜራም ቢሆን መብራት ሲሄድ የዋይፋዩ ሳጥን አብሮ ስለሚጠፋ ወደ ባለቤቱ ስልክ መልእክት መላክ አይችልም፤ በዚህ ጊዜ የሚተርፈው ካሜራው ውስጥ ባለ ሚሞሪ ካርድ ላይ የተቀረጸው ብቻ ነው።

አሮጌው ካሜራ ለሌላ ሰው ከመሰጠቱ በፊት ካርዱ መውጣት፣ ከባለቤቱ አካውንት ጋር ያለው ግንኙነትም መሰረዝ አለበት። የተበላሸው ባትሪ ከቤት ቆሻሻ ጋር ተደባልቆ እንዳይጣል፣ እስኪወገድም ድረስ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ እንዲቀመጥ ያስፈልጋል።