እርግዝና፣ አራስነትና ዮጋ፦ ምን ይሠራ? ምን ይቅር?

ዛሬ የምንነጋገረው ብዙ እህቶቻችንን ስለሚያሳስብ አንድ ጥያቄ ነው። «ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ዮጋ ብሠራ ልጄን ይጎዳዋል ወይ? ከወለድኩ በኋላስ መቼ ልጀምር?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በውጭ አገር ያለች ነፍሰ ጡር ግን ሁለት የማይስማሙ ምክሮች ይደርሷታል። እናቷ ከአገር ቤት ደውላ «ልጄ፣ ተይ አትጎንበሺ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» ትላታለች። ስልኳን ስትከፍት ደግሞ ሆዷ የገፋ ሴት በጭንቅላቷ ቆማ ታያለች። የትኛውን ትስማ? የእኛ መልስ በአጭሩ ይህ ነው፦ እርግዝናዋ ጤናማ የሆነ ሴት ብትንቀሳቀስ ይጠቅማታል፤ ዮጋም ከሚስማሟት እንቅስቃሴዎች አንዱ ነው። ልኩን የሚነግራት ግን የራሷ ሰውነትና ሐኪሟ ናቸው፤ የስልኩ ምስል አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ የጤና እክል የሌለባቸው ነፍሰ ጡሮችና የወለዱ እናቶች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በቀን 30 ደቂቃ ለ5 ቀን ማለት ነው። የአሜሪካ የማኅፀንና የጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅም ተመሳሳይ ምክር ይሰጣል። «መካከለኛ» የሚባለው እየሠራችሁ ማውራት የምትችሉበት ልክ ነው። ትንፋሽ አጥሯችሁ ቃል ማውጣት ካቃታችሁ አልፋችኋል ማለት ነው።

ዮጋን በተለይ የተመለከተ ጥናትም አለ። በ2015 በአሜሪካ የታተመ ጥናት 25 ጤነኛ ነፍሰ ጡሮችን በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት 26 የዮጋ አቋቋሞችን አሠርቶ፣ የእናቲቱንም የጽንሱንም የልብ ምት ተከታትሏል። በእናትም በጽንስም ላይ ጉዳት አልታየም። ይሁን እንጂ ልብ በሉ፦ ሴቶቹ ጥቂትና ጤነኞች ነበሩ፤ የሠሩትም ባለሙያ አጠገባቸው ቆሞ እየተከታተላቸው ነው። ስለዚህ «ሁሉም ነገር ለሁሉም ሰው ይፈቀዳል» የሚል ትርጉም አይሰጠውም።

ለምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል? ሰውነታችሁ እንደ ወትሮው ስላልሆነ ነው። አንደኛ፣ በእርግዝና ጊዜ የሚመነጩ ሆርሞኖች ጅማቶችን ያላላሉ። ከወትሮው የበለጠ ትለጠጣላችሁ፤ ሳይታወቃችሁም መገጣጠሚያችሁን ልትጎዱ ትችላላችሁ። ሁለተኛ፣ ሆድ ሲገፋ ሚዛን ስለሚለወጥ መውደቅ ይቀላል። ሦስተኛ፣ ጽንሱ እያደገ ሲሄድ በጀርባ ለረጅም ጊዜ መተኛት ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን ደም ሥር ይጫናል። ያኔ ራስ ያዞራል፤ ወደ ጽንሱ የሚሄደውም ደም ሊቀንስ ይችላል። አራተኛ፣ የሰውነት ሙቀት ከመጠን በላይ መጨመር በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለጽንሱ ጥሩ አይደለም።

ከእነዚህ ምክንያቶች በመነሳት የሚቀሩትን እንዘርዝር፦

- በሞቀ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ዮጋ ፈጽሞ ይቅር።
- ከ4ኛው ወር በኋላ በጀርባ ተንጋሎ መቆየት ይቅር፤ ለእረፍት በጎን ተኙ፤ በጉልበቶቻችሁም መካከል ትራስ አድርጉ።
- በሆድ መተኛት፣ ሆድን የሚጨምቅ ጠመዝማዛ አቋቋምና ወደ ኋላ በኃይል መለመጥ ይቅር።
- በጭንቅላት መቆም ይቅር።
- ትንፋሽን አፍኖ መያዝና በፍጥነት መተንፈስ ይቅር።

የሚጠቅሙትስ? በእጅና በጉልበት ተደግፎ ጀርባን እንደ ድመት ቀስ ብሎ ማጎበጥና መመለስ የወገብ ሕመምን ያቀላል። ለሆድ ቦታ እንዲኖር ጉልበትን ከፍቶ ተንበርክኮ ወደ ፊት ማዘንበል ያሳርፋል። ግድግዳ ወይም ወንበር ይዞ መቆም እግርን ያጠነክራል። ቀስ ብሎ፣ ረጅም አድርጎ ማስወጣት የሚባለው አተነፋፈስ ደግሞ በምጥም ሰዓት ይረዳል። ዓላማው መጽናት ነው፤ ከትናንቱ የበለጠ ለመለጠጥ አትጣሩ።

ሐኪም ሳይፈቅድ ጭራሽ መጀመር የሌለባቸውም አሉ። የልብ ወይም የሳንባ በሽታ ያለባት፣ የማኅፀን በር መላላት ያለባት ወይም የተሰፋላት፣ የእንግዴ ልጇ የማኅፀን በር የሸፈነባት፣ ደም የሚፈሳት፣ ያለጊዜው ምጥ የሚያሰጋት፣ በእርግዝና ምክንያት የደም ግፊቷ የጨመረ፣ ወይም ከባድ ደም ማነስ ያለባት እህት መጀመሪያ ሐኪሟን ታማክር። መንታና ከዚያ በላይ ያረገዘችም እንዲሁ።

እየሠራችሁ ሳለ ደም ካያችሁ፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ሆዳችሁ እየተመላለሰ በሕመም ከጨበጣችሁ፣ ራስ ካዞራችሁ፣ ደረታችሁን ካመማችሁ፣ ወይም አንድ ባታችሁ አብጦ ካመማችሁ ወዲያው አቁሙና ወደ ሕክምና ደውሉ። «ትንሽ ልረፍና ያልፋል» አትበሉ።

አሁን ወደ አራስነት እንምጣ። በአገራችን አራስ በክብር ትጠበቃለች። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ጎረቤቱ፣ የእናት እጅ አለ። በስደት ግን ባል በሳምንቱ ሥራ ይገባል፤ እናት ቪዛ ተከልክላለች፤ አራሷ ከሕፃኗ ጋር አራት ግድግዳ ውስጥ ብቻዋን ትቀራለች። ከዚያ አንዳንዷ ሆዷን በመስታወት አይታ በሦስተኛው ሳምንት ሆድ ማጥፊያ ስፖርት ትጀምራለች። እዚህ ላይ ነው አደጋው።

የእናቶቻችን አርባ ቀን እና የዛሬ ሐኪሞች የሚሉት 6 ሳምንት ምን ያህል እንደሚቀራረቡ አስተውሉ። ሁለቱም የሚሉት ሰውነት ለመጠገን ጊዜ ይፈልጋል ነው። ማረፍ ማለት ግን አልጋ ላይ መድረቅ ማለት አይደለም። ያለ ችግር በማኅፀን የወለደች እናት አቅሟ ሲፈቅድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤት ውስጥ መራመድና ረጋ ብሎ መተንፈስ ትችላለች። ለደም መርጋትም መከላከያ ነው። በተጨማሪም ሽንት እንደሚይዝ ሰው ከዳሌ በታች ያሉትን ጡንቻዎች ወደ ላይ መሳብ፣ ጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ነው። ይህን ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ ትንፋሽ ሳይዙ፣ በቀን ደጋግሞ መሥራት ይቻላል። ሽንት እየሸኑ ግን አትለማመዱት።

በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ቁስሏ ከሆድ ቆዳ በታች ብዙ ሽፋን ያለው መሆኑን አትርሳ። ቀስ ብላ ትራመድ፤ ከልጇ የከበደ ነገር አታንሳ፤ ዮጋውን ከ6 ሳምንት በኋላ ሐኪም አይቷት ትጀምር።

ሌላው የሆድ ጡንቻ መለያየት ነው። በእርግዝና ጊዜ የሆድ ጡንቻዎች መሐል ለመሐል ይራራቃሉ። ተንጋላችሁ ራሳችሁን ቀና ስታደርጉ ሆዳችሁ መሐሉ ላይ እንደ ሸንተረር ከወጣ፣ ወደ ላይ መነሳትንና በክንድ ተደግፎ መቆየትን አሁን ተዉት። ከ8 ሳምንት በኋላም ክፍተቱ ካልጠበበ ወይም ስትስቁና ስታስሉ ሽንት ካመለጣችሁ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጠይቁ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ሕክምናም አለው።

በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ወይም ራስን አልያም ልጅን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ጉዳዩ ከዮጋ ያለፈ ነው። በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ 112፣ በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። በአሜሪካ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ «አማርኛ» ብላችሁ ጠይቁ።

በመጨረሻ፣ «ዮጋ ከሕንድ ሃይማኖታዊ ትውፊት የመጣ ነው፤ ለእኔ አይሆንም» የምትል እህት ትኖራለች። አትገደድም። በእግር መሄድ፣ ዋና፣ ቀላል ማፍታታትና የአተነፋፈስ ልምምድ ጥሩ አማራጮች ናቸው። ለመማር የምትፈልግ ደግሞ ነፍሰ ጡሮችን የማሠልጠን ትምህርት የወሰደ አሠልጣኝ ትፈልግ፤ ስንተኛ ወሯ ላይ እንዳለችም ከመጀመሯ በፊት ትንገረው።

ባሎች፣ እህቶች፣ ጎረቤቶች፦ ለአራስ የምታደርጉላት ትልቁ ነገር ሕፃኑን ለ30 ደቂቃ ይዛችሁ «ሂጂ፣ ተንፍሺ» ማለት ነው። ማርያም በሽልም ታውጣችሁ የምትባሉም ሆናችሁ፣ በየእምነታችሁ የምትመረቁ ሁሉ፣ በሰላም ተገላገሉ። ቸር ሰንብቱ።