የገና መዋያ ከኪሊማኒ፤ ስንት ይላክ? መቼስ ይላክ?

በናይሮቢ ኪሊማኒ ሰፈር ያሉ ሱቆች ከኅዳር ወር ጀምሮ በመብራትና በቀይ ጨርቅ ማሸብረቅ ይጀምራሉ። በአርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ያለውን ያያ ሴንተር አንድ ጊዜ እንኳ ያየ ሰው የምንለውን ያውቀዋል። በዚያው ሰፈር በሐበሻ ምግብ ቤት፣ በሰው ቤትና በትንንሽ ንግድ የሚያድሩ ወገኖቻችን ግን በዚህ ሰሞን ሐሳብ ይገባቸዋል። ካኩማ ያለችው እናት፣ ዳዳብ ያለው ወንድም፣ አዲስ አበባ የቀሩት ሕፃናት ሁሉም የሚጠብቁት ነገር አለ። የበዓል መዋያ።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ይህን ጉዳይ ለዛሬ የመረጥነው ተቀባዮቹ እኛው ስለሆንን ነው። ናይሮቢ ዘመድ ያለው ሰው በካምፕ ውስጥ እንደ ሀብታም ይቆጠራል። “ኪሊማኒ ነው የምትኖረው” ሲባል ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የሰፈሩ ስም ብቻውን ገንዘብ ገንዘብ ይሸታላ። በሰፈሩ መሥራትና የሰፈሩ ባለፎቅ መሆን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ግን ብዙዎቻችን አንጠይቅም።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። አንዲት እህት በወር 25,000 ሽልንግ ታገኛለች እንበል። ለቤት ኪራይ ድርሻዋ 8,000፣ ለምግብና ለማታቱ 9,000 ቢወጣ 8,000 ይተርፋታል። ለእናቷ 4,000፣ ለወንድሟ 3,000፣ ለሕፃናቱ ልብስና ጫማ 5,000 ካለች 12,000 ሞላ። የጎደለው 4,000 ከየት ይመጣል? ከብድር ነዋ! ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2019 ያመጣው ፉሊዛ ስልክ ላይ ቁጥር በመጫን ብቻ ይገኛል፤ ፊርማ የለው፣ ዋስ የለው። ነገር ግን ዕዳው እስኪዘጋ በየቀኑ ክፍያ ይቆጠርበታል። በቀን 20 ሽልንግ ቢሆን በ30 ቀን 600 ሽልንግ ነው። ከዚያ በኋላ በኤምፔሳ የሚገባላት ገንዘብ መጀመሪያ ለዕዳው ይቆረጣል። ደመወዝ ገባ ብላ ስልኳን ስትከፍት ከፊሉ የለም።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ የቀን አቆጣጠራችን ነው። የኪሊማኒ ሱቆች ገና ዲሴምበር 25 ነው፤ የእኛ ጃንዋሪ 7። በመካከሉ 13 ቀን አለ። ኬንያውያን የጃንዋሪን ወር “ንጃኑዋሪ” እያሉ ይቀልዱበታል። “ንጃ” በስዋሂሊ ረሃብ ነው፤ በዲሴምበር ሁሉ ነገር ተበልቶ ኪስ የሚራብበት ወር ማለታቸው ነው። ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱትም የእኛ ገና በሚውልበት ሳምንት ገደማ ነው። ዩኒፎርም፣ ደብተርና ክፍያ ከዶሮውና ከቅቤው ጋር እኩል ይመጣሉ። በዲሴምበር ሱቁ ስላሸበረቀ ብቻ ገንዘቡን የጨረሰ ሐበሻ የራሱ በዓል ሲደርስ ባዶ እጁን ይቀራል።

ይሁንና 13ቱ ቀን ለሚያውቅበት ይጠቅማል። ከዲሴምበር 25 በኋላ ሱቆች የተረፋቸውን የበዓል ዕቃ በቅናሽ ማውጣታቸው የተለመደ ነው። የሕፃናት ልብስ ከሆነ ደግሞ ከኪሊማኒ በእግር የሚደረስ ቶይ ገበያ አለ፤ የሰልባጅ አገር! ቦንዳ ሲፈታ ማልዶ የተገኘ ሰው አዲስ የሚመስል ልብስ መርጦ ይመለሳል። ሕፃን ልጅ ልብሱ ከያያ ሴንተር ይሁን ከቶይ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጎረቤት ነው። ወደ ካምፕ ዕቃ የሚልኩ ግን አንድ ነገር ያስቡ። በዲሴምበር መጨረሻ ሕዝቡ ወደ አገር ቤቱ ስለሚጎርፍ የአውቶቡስ ዋጋ ይንራል። ቀደም ብሎ በኅዳር መላክ፣ ወይም ዕቃውን ትቶ ገንዘቡን በኤምፔሳ መላክ ይሻላል።

አገር ቤት ለሚልኩትም አንድ የተለወጠ ነገር አለ። ኢትዮጵያ የብርን ምንዛሪ ለገበያ የለቀቀችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024 ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። እርግጥ የአዲስ አበባ ገበያም አብሮ ተወዷል። ቢሆንም በድሮው ልማድ “ሃምሳ ዶላር ካልሆነ ያሳፍራል” የሚለው አነጋገር እንደገና መታየት አለበት። ሲልኩ በዶላር ሳይሆን እዚያ ስንት ኪሎ ቅቤ፣ ስንት እንቁላል ይገዛል ብሎ ማስላቱ ይበጃል።

በእኛ በኩል ደግሞ የካምፑ ዕዳ አለ። ባምባ ቻኩላ እ.ኤ.አ. በ2015 በካኩማ ከተጀመረ በኋላ ሲም ካርድን፣ በኋላም የባንክ ካርድን ለባለሱቅ አስይዞ በዱቤ መውሰድ በካምፑ የታወቀ ነገር ሆነ። ለበዓል የተወሰደ ዱቤ የሚከፈለው ከራሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም ምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት የተነሳ በኬንያ ካምፖች ራሽኑን ከሙሉው ከሲሶ በታች ባወረደ ጊዜ፣ በዱቤ ላይ የነበረ ቤተሰብ ምን እንደገጠመው ማንም አይረሳውም። “ከኪሊማኒ ይላክልኛል” ተብሎ የተወሰደ ዱቤ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ያልመጣ ገንዘብ አስቀድሞ ተበልቷልና።

“ታዲያ በዓሉን በሽሮ እንዋል ወይ?” የሚል አይጠፋም። እንደዚያ አላልንም። ስደተኛ በዓሉን ሲያከብር ሰውነቱ ይሰማዋል፤ ይህን መንፈግ አይገባም። ነገር ግን አባቶቻችን ድሮውንም በሬ ለብቻቸው አይጥሉም ነበር፤ ቅርጫ ይገባሉ እንጂ። አራት ቤት ሆኖ አንድ ፍየል መግዛት እዚህም ይቻላል። ዶሮ ግን 12 ብልት ናትና ለቅርጫ ታስቸግራለች፤ ቢሆንም ሁለት ቤት በአንድ ድስት ሠርቶ እንቁላሉን በዛ ቢያደርግ ማን ይቆጥራል? ጾሙም ራሱ ይረዳል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ከ40 ቀን በላይ ሥጋና ቅቤ በማይገዛበት ጊዜ በየሳምንቱ 50 ሽልንግ ለእቁብ የጣለ ቤት ለገና የራሱን ይዞ ይቀርባል። ሙስሊም ወንድሞቻችንም ረመዳን ሳይገባ ለዒድ እንዲሁ ማድረግ ይችላሉ።

ከሁሉም የሚከብደው ወሬው ነው። ኪሊማኒ ያለችው እህት የማትችለውን “እሺ እልካለሁ” ትላለች፤ እናት ደግሞ በዚያ ተስፋ ሱቅ ትገባለች። በኅዳር ወር ላይ “እማዬ፣ ዘንድሮ የምችለው 2,000 ብቻ ነው፣ ጃንዋሪ 3 ትደርስሻለች” ብሎ ቁርጡን መናገር ለእናትም ይቀላታል። እኛም ከዚህ በኩል ስንደውል “ምን ትልኪያለሽ?” ከማለታችን በፊት “የቤት ኪራይሽን ከፈልሽ ወይ?” ብለን ብንጀምር፣ መልሱን ሰምተን ምን ያህል እንደምንጠይቅ እናውቅ ነበር።